በሐምሌ ዳስ ይጣላል ወይ?

አጎት፦ ሐምሌ አልሽ? ጥር ልትዪ ፈልገሽ አምልጦሽ ይሆናል ልጄ።

የእህት ልጅ፦ አላመለጠኝም ጋሼ። ሐምሌ 5 የሰኔ ጾም ይፈታል፤ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በመካከሉ ሦስት ወይም አራት እሑድ አለ። ከነዚያ አንዱን ነው ለሠርጋችን የምንፈልገው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ድግሱ እዚሁ ሐይቅ፣ ደጃችን ላይ።

አጎት፦ ጾሙስ ይፈታል፤ ሰማዩ መች ይፈታል? ደቡብ ወሎ ዓመቱን ከሚያገኘው ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው። ሽማግሌ ልከው፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ስንት ተደክሞ ሲያበቃ ድግሱን ለጎርፍ ልትሰጪው ነው?

የእህት ልጅ፦ ሙሽራው የሚኖረው ፍሎሪዳ ነው። ከሥራው ፈቃድ የሚያገኘው በሐምሌ ነው። እህቶቹም ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት የሚችሉት ያኔ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ጥር ካልን እንኳን እነሱ እሱም መምጣቱ ያጠራጥራል። ደግሞ ዝናብ እንዳይመስልዎት የሚያስፈራው። እሱ ባለበት አገር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 የማዕበል ወቅት ነው። ጣሪያ የሚነቅል ነፋስ፣ ባሕሩን ጎትቶ ከተማ የሚያስገባ ውሃ አለው። እንደዚያም ሆኖ ሰው ስድስት ወር ሙሉ ሳይጋባ አይቀመጥም። ተለዋጭ ቀን ይይዛል፤ ከአዳራሹ ጋር ሲዋዋል ማዕበል ቢመጣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ያስጽፋል፤ ኢንሹራንስ የሚገባም አለ።

አጎት፦ ያ ማዕበል ስም ያወጡለት የለም?

የእህት ልጅ፦ ያወጡለታል። ገና ውቅያኖስ ላይ ሳለ በሳተላይት ያዩታል፤ ከቀናት በፊት ሰዉን ያስጠነቅቃሉ።

አጎት፦ እንግዲያስ እሱ እንግዳ ነው። መምጣቱን አስቀድሞ ያስታውቃል፤ መንገዱን ቀይሮ ሌላ ደጅ ሊያንኳኳም ይችላል። የእኛ ክረምት ባለቤት ነው፤ ዓመት እየጠበቀ ቤቱ ይገባል። እነሱ የሚፈሩት ሊመጣ የሚችለውን ነው። አንቺ የምትደግሺው መምጣቱ በታወቀ ነገር መሐል ነው።

የእህት ልጅ፦ የታወቀ መሆኑ እኮ ነው የሚያቀልልኝ! ማዕበሉ የት እንደሚያርፍ እስከ መጨረሻው ያምታታቸዋል። የእኛ ዝናብ ጠባዩ ይታወቃል። ጠዋቱ አብዛኛውን ጊዜ ብሩህ ነው፤ ደመናው አምባሰል ላይ የሚከመረው ከቀትር ወዲህ ነው። ሥርዓቱን በጠዋት ጨርሰን፣ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነሥተን፣ ምሳውን በስድስት ሰዓት ካቀረብን ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሁሉ ጣሪያ ሥር ነው። ዳሱን ከሸራ ይልቅ በቆርቆሮ እናለብሰዋለን። ዙሪያውን ቦይ እንቆፍራለን። መሬቱ ላይ ጠጠር እንደፋለን፣ ቄጠማው ከጠጠሩ በላይ ይጎዘጎዛል። ቆርቆሮውንና ወንበሩን የሚያከራየውንም በጽሑፍ አዋውለዋለሁ።

አጎት፦ ውል? እኛ ዘንድ «ዝናብ ቢመጣ እንተያያለን» ይባላል፤ አለቀ።

የእህት ልጅ፦ ለውጫሌ ጎረቤት ሆነን ስለ ውል እንዲህ እንላለን? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ስላለ ነው ጦር ያመጣው። «እንተያያለን» ለአከራዩ አንድ ነው፣ ለተከራዩ ሌላ ነው። እኔ ቀኑን፣ ተለዋጩን ቀንና የሚመለሰውን ገንዘብ ቁጥር በቁጥር ነው የማስጽፈው።

አጎት፦ ውጫሌን ካነሣሽ እስከ ዓድዋ ጨርሺው። ያ ውል ባመጣው ጦርነት ምኒልክ ሠራዊቱን ወረኢሉ ላይ የቀጠሩት ለመቼ ነበር? ለጥቅምት አጋማሽ፣ 1888። ጠላት አገር ውስጥ ገብቶ እያለ እንኳ ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቀዋል። ያ ሁሉ ሰው በጭቃ ተጉዞ፣ በእርጥብ ማገዶ አብስሎ፣ ወንዝ ሞልቶበት እንደማይሆን ያውቁ ነበርና።

የእህት ልጅ፦ ያ ለአገር ሙሉ ጦር ነው። እኔ የምጠራው ሦስት መቶ ሰው ነው።

አጎት፦ ሦስት መቶው ከየት ነው የሚመጣው? የሙሽራው ዘመዶች ከውጫሌ ወዲያ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ናቸው። አስፋልቱስ ያመጣቸዋል። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ያለውን በእግር ሲወርዱ ደራሽ ውሃ ይጠብቃቸዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ላይ ተራራው ተንዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አልቋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ ተሰብስበው ሳለ ነው ናዳው ደግሞ የመጣባቸው። ገደል ባለበት አገር፣ መሬቱ ውሃ በጠገበበት ወር፣ ሰውን «ኑ» ብሎ መጥራት አደራ አለበት።

የእህት ልጅ፦ በዚህስ አልከራከርዎትም። ከገደሉ ሥር ያሉትን ቅዳሜ በቀን እናመጣቸዋለን፤ ሐይቅ ያድራሉ። እሑድ ማታ አንድም ሰው አንሸኝም፤ ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ታይቶ ይሄዳሉ። ዝናቡ ከባሰ ሁለተኛውን እሑድ እንይዛለን። ይህን ካላደረግሁ ሐምሌ አልልም።

አጎት፦ ይሁን፣ ሰዉ በሰላም ደረሰ እንበል። ቆርቆሮ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ሽማግሌ ሲመርቅ ማን ይሰማዋል? ከበሮውስ? እርጥበት ሲስብ ቆዳው ይላላል፤ ድምፁ ይሞታል። ለአምባሰል ቅኝት ስሙን በሰጠ አገር ዘፈኑ የማይሰማ ሠርግ ልናይ ነው?

የእህት ልጅ፦ ከበሮ እሳት ዳር ሲሞቅ ይመለሳል፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ምርቃቱም ዝናቡ ሳይጀምር ይሁን። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት፤ ጥር ራሱ ምን ያህል ይታመናል? በአንድ የጥር እሑድ ሦስት ሠርግ ተጠርተው ሁለቱ ዘንድ ፊትዎን ብቻ አሳይተው አልተመለሱም? ወንበሩ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ መኪናው፣ በጉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይፈለጋል፤ ዋጋውም በዚያው ሳምንት ይሰቀላል።

አጎት፦ እንግዲያ ከፋሲካ በኋላ አድርጊው። ዳግማ ትንሣኤ ምን ይጎድለዋል?

የእህት ልጅ፦ ለሌላው አገር ምንም። እኛ ግን በልግ አለን፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት። በልጉ ከቀናው ሚያዝያም ጭቃ ነው። በልጉ ከቀረ ደግሞ ማን ለመደገስ ልብ ይኖረዋል? ጥቅምትና ኅዳር አጨዳ ነው። ከኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ሲጣራ የሚቀረን ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለችው ጊዜ ብቻ ናት። እሷንም ደግሞ ረመዳን እየገባባት ነው።

አጎት፦ ረመዳን ከእኛ ሠርግ ጋር ምን አገናኘው?

የእህት ልጅ፦ ከምንጠራው ሰው ስንቱ ሙስሊም ነው ጋሼ? ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። በ2018 የገባው በየካቲት ነበር። በ2020 በጥር ሁለተኛ አጋማሽ፣ በ2021 ጥር ከገባ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በ2022 ደግሞ በታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይገባል። እነዚያን ዓመታት በጥር የሚደግስ ክርስቲያን ግማሽ ጎረቤቱን በጾም አፉ ደጁ ላይ ሊያስቀምጥ ነው። ሐምሌ ያኔ ለሁላችንም ክፍት ነው፤ እኛም አንጾም፣ እነሱም አይጾሙ።

አጎት፦ ይህን አላሰብሁትም። በወሎ ሠርግ ሁለት በሬ የሚታረደው፣ አንዱ ለክርስቲያኑ አንዱ ለሙስሊሙ የሚሆነው፣ ማንም ከማእዱ እንዳይቀር ነው። በረመዳን ያ በሬ ለማን ይታረዳል? በዚህ ረትተሽኛል።

የእህት ልጅ፦ ደረቅ ወር ሁሉ ዋስትና እንዳልሆነም ያውቃሉ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። «ለጥር» ተባብለው የነበሩት ያን ሰሞን ምን ላይ እንደነበሩ እርስዎ ነዎት ያዩት። መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል።

አጎት፦ እንግዲህ ስለ ሰማዩ ይብቃን። የምፈራው ሰማዩን አይደለም፣ ልጄ። የሐምሌን ሰው ነው የምፈራው። ጤፍ የሚዘራው ያኔ ነው። ማሽላው ሽልሻሎ ይፈልጋል፣ አረሙ ይነቀላል። በሬው ቀንበር ሥር ነው፤ ሰንጋ የምትዪውም ሣሩን ገና መቅመሱ ስለሆነ አጥንቱ ይቆጠራል። የጥር ጎተራ ሙሉ ነው፤ የሐምሌ ጎተራ ወለሉ ይታያል። በጥር የምትጠሪው ሰው እንጀራውን በመሶብ፣ ጠላውን በእንስራ አሸክሞ ይመጣል። በሐምሌ የጠራሽው ግን ወይ ተበድሮ ይመጣል፣ ወይ ባዶ እጁን መጥቶ ያፍራል፣ ወይ «አሞኛል» ብሎ ይቀራል። ሦስቱም ያንቺ ዕዳ ናቸው።

የእህት ልጅ፦ ከማንም ምንም አንቀበልም። ሁሉንም እኛ እንገዛለን። ሰው እጁን አጣጥፎ ይምጣና ይብላ።

አጎት፦ ያ የከፋ ነው። ያመጣውን የማትቀበዪው ሰው እንግዳሽ ነው እንጂ የሠርግሽ ባለቤት አይደለም። ዛሬ መሶቡን ከመለስሽበት ነገ ልቅሶ ሲደርስብሽ በምን ፊቱ ይመጣል? ብድር በምድር ነው የኖርነው።

የእህት ልጅ፦ ግን ጋሼ፣ በወሎ ዝናብን የሠርግ ጠላት ማድረግ አይከብድም? በ1965 እና 66፣ ደግሞ በ1977፣ ሰዉ የረገፈው ዝናብ ጠፍቶ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ እየወረደ ማግባት ለእኔ ምርቃት ነው።

አጎት፦ ምርቃት ነው፤ ማን እርግማን አለው? ያን ጊዜ ያየ ሰው ግን ዝናብ ሲመጣለት ሁሉን ጥሎ ወደ ማሳው ነው የሚሮጠው። የዘር ቀን ያመለጠው ዓመቱ ያመልጠዋል። እግዜር ዝናቡን የሰጠው ለዘሩ ነው፤ አንቺ ደግሞ ዘሪውን ከማሳው ልትጠሪው ነው።

የእህት ልጅ፦ ወጣቱ አለ። ትምህርት ዝግ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውም የሁለተኛ ደረጃውም ተማሪ ቤቱ ነው። ዳሱን የሚተክል፣ ውሃ የሚያመላልስ አይጠፋም።

አጎት፦ ክረምት የመጣ ተማሪ አባቱ ቤት ምን ሲያደርግ ነው የምታዪው? አረም ሲነቅል ነው። አንድ እጅ ነው ልጄ፤ ለሁለት ሥራ ነው የምትቆጥሪው።

የእህት ልጅ፦ እትዬ፣ ከመጀመሪያው ቡና ጀምሮ ዝም ብለዋል። ምን ይላሉ?

ጎረቤት፦ የጠየቀኝ የለም ብዬ ነው። ብጠየቅማ ብዙ አለኝ።

አጎት፦ በይ ንገሪያት። ብቅል በሐምሌ እንደማይሆን ንገሪያት።

ጎረቤት፦ ብቅል በሐምሌ ይበቅላል፤ መድረቁ ነው ችግሩ፣ ፀሐይ የለማ። በርበሬውም ጌሾውም እንደዚያው። ለዚህ ግን መላ አለው። ብቅሉ ግንቦት ላይ ይሰጣ፣ በርበሬው ይፈጭ፣ ማገዶው ደረቅ ሳለ ጣሪያ ሥር ይግባ። ለእኛ ለሙስሊሞቹ ወገን ቅሪቦውን የማሰናዳው እኔ ነኝ፤ ገብሱን ቀድሜ እቆላዋለሁ። አስቀድሞ የሚሰናዳ ነገር አያስጨንቀኝም።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ የሚያስጨንቅዎት ምንድን ነው?

ጎረቤት፦ ስለ ቆርቆሮው ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ። ቦዩን፣ ጠጠሩን፣ ቄጠማውን ሁሉ ሰማሁ። ያ ሁሉ የሚቀመጠው ሰው ዘንድ ነው። ወጡ የሚሠራበት ላይ ምን ጣሪያ አስባችኋል? ሁለት ማዕድ ቤት ነው ያለን፤ የናንተና የእኛ። ጓሮ ነው የሚሆነው። ዝናቡ ምድጃው ላይ ሲወርድ፣ ጢሱ ሲታፈን፣ ድስት ተሸክመን በጭቃ ስንመላለስ፣ ለእኛ ቦዩን ማን ቆፈረ?

የእህት ልጅ፦ አላሰብሁትም እትዬ። ወጪውን ስጽፍ የጻፍሁት ሁሉ የዳሱን ነው።

አጎት፦ አየሽ ልጄ? ከመጀመሪያው ያልሁት ይህንን ነው።

ጎረቤት፦ አላልህም ወንድሜ። አንተ ያነሣኸው የእህሉን፣ የበሬውንና የዘሪውን ነው። በጥርም ቢሆን የምንሠራው ጓሮ ነው። ቀን ፀሐዩ፣ ሌሊት ውርጩ አለ። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሦስት ሌሊት እንጀራ ስንጋግር እናድራለን፤ ፊታችን በምጣዱ ይቃጠላል፣ ጀርባችን በብርድ ይደነዝዛል። ጥር ለሠርገኛው ጥር ነው። ለእኛ ጥር የሆነበትን ዓመት አላውቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን «ጓሮው እንዴት ነው?» ብለህ መጥተህ ታውቃለህ?

አጎት፦ አላውቅም። ይኸው ነው መልሴ፤ አላውቅም።

የእህት ልጅ፦ እንግዲያ ይነስ። እናንተ ዘንድ ኒካሑ ብቻውን ታስሮ ድግሱ የሚቆይበት ጊዜ አለ አይደል?

ጎረቤት፦ አለ። ለኒካሑ ወልይ፣ ምስክርና መህር ይበቃል። ድግሱ እጅ ሲሞላ ይደገሳል፤ ማንም አያማም።

የእህት ልጅ፦ እኛም ሐምሌ ላይ ሥርዓተ ተክሊሉን ከሠላሳ ሰው ጋር እንፈጽም። ድግሱ እህሉ ሲገባ ይሁን።

አጎት፦ እህሉ ሲገባ ባልሽ ፍሎሪዳ ነው። ሙሽራ የሌለበት መሶብ ተዝካር ይመስላል። ሠላሳውንስ ማን ይመርጣል? ሁለት መቶ ሰባውን «እናንተ ቆዩ» የሚላቸው ማን ነው? ዝናብ ያረፈበት ሠርግ ይረሳል፤ ያልተጠራ ዘመድ አይረሳም።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይቅር ጋሼ? ሙሽራው ይቅር ወይስ ሁለት መቶ ሰባው? ሦስተኛ መንገድ ካለ ያሳዩኝ።

አጎት፦ የለኝም። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ቀኑን ከመቁረጥሽ በፊት ውጪና ሰዉን ጠይቂ። የሚዘራውን ጠይቂ፣ የምትጋግረዋን ጠይቂ፣ ከገደሉ ሥር የሚመጡትን ጠይቂ። «ሐምሌ ይሁን» ካሉሽ እኔ ዳሱን ልተክል የመጀመሪያው ሰው ነኝ።

ጎረቤት፦ ማን እምቢ ሊላት? ወሎ ውስጥ ለሠርግ እምቢ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔን ራሴን ብትጠይቀኝ «ኧረ ምን ችግር አለው ልጄ፣ ኢንሻ አላህ ነው» እላታለሁ። የምጨነቀው ቤቴ ገብቼ ነው። ይሉኝታ ያለበት አፍ «ይሁን» ቢል እንዴት ይታመናል?

የእህት ልጅ፦ ታዲያ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

ጎረቤት፦ «ሐምሌ ይሁን ወይ?» አትበይ። «ሐምሌ ከሆነ ምን ይጎድልብዎታል?» በይ። ለእንደዚህ ያለው ጥያቄ ሰው ያለ እፍረት ይመልሳል። አንዱ «የበሬ ቀን» ይልሻል፣ አንዷ «ደረቅ ማገዶ» ትልሻለች፣ አንዱ «ልጄን አረም ላይ የሚተካልኝ» ይልሻል። የሚችለውን ትሞያለሽ። የማይሞላውንም ታውቂዋለሽ።

አጎት፦ የማይሞላው ከበዛስ?

የእህት ልጅ፦ ሐምሌን እተወዋለሁ፤ ሙሽራውንም አስረዳዋለሁ። ግን እውነቱን ለማወቅ ጥርንም በዚያው ጥያቄ መጠየቅ አለብኝ። የሐምሌ ጉድለት ብቻውን ተጽፎ ጥር ሳይጻፍ ካለፈ ፍርዱ አስቀድሞ ተፈርዷል ማለት ነው።

አጎት፦ የጥርን ጉድለት ማን ጽፎት ያውቃል? ሁልጊዜ ጥር ነው፤ አንድም ቀን ተጠይቆ አያውቅም።

ጎረቤት፦ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። ወረቀትሽን አምጪ ልጄ፣ በረካው ሳይቀዳ ከሱ እንጀምር።